ከታናናሾቻቸው የተማሩት አድሚራል

እርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጥ ወጣት በሬዎቹን ጠምዶ ብቻውን ወደ ማሳ አይወጣም። ትልሙ እንዳይጣመም፣ ማረሻው ከድንጋይ ተጋጭቶ እንዳይታጠፍ፣ በሬዎቹም ያለ አግባብ እንዳይደክሙ ከጎኑ ሆኖ የሚያሳየው አባት ወይም ታላቅ ወንድም ይኖራል። ሸማኔም እንዲሁ ነው፤ ግንበኛም እንዲሁ ነው። መጽሐፍ የማይነግረውን የሥራ ጠባይ የሚያስተላልፈው ሥራውን ቀድሞ የሠራው ሰው ነው።

ይህ ሕግ የኮምፒውተርና የእጅ ስልክ መተግበሪያዎችን በሚጽፉ ባለሙያዎች ዘንድም ይሠራል። አርሶ አደሩ በስልኩ ገንዘብ የሚልክበት፣ የከተማው ነዋሪ የአገልግሎት ክፍያውን የሚፈጽምበት መተግበሪያ ሁሉ የሰው እጅ መስመር በመስመር የጻፈው የትእዛዝ ስብስብ ነው። ይህን ሙያ ለመልመድ የሚነሡ ወጣቶች በሀገራችንም በርክተዋል፤ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ኮድ የሚለው ቃል ለገጠሩም ቤተሰብ እንግዳ መሆኑ እየቀረ ነው። ለእነዚህ ጀማሪዎች የሚጠቅም አንድ የሕይወት ታሪክ አለ። የሙያው መሠረት ሲጣል ከነበሩት ሰዎች አንዷ የሆኑት አሜሪካዊቷ ሪር አድሚራል ግሬስ ሆፐር ታሪክ ነው። የሒሳብ ዶክተር ነበሩ፤ የኮሌጅ መምህር ነበሩ። ሆኖም ፕሮግራም መጻፍን የተማሩት በ37 ዓመታቸው፣ በዕድሜ እጅግ ከሚያንሷቸው ወጣቶች ጎን ተቀምጠው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ሰዓቶቹን የፈታችው ልጅ

ግሬስ ብሩስተር መሬይ በ1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ፤ የእናታቸው አባት ደግሞ በዚያችው ከተማ መሬት የሚቀይሱ መሐንዲስ ነበሩ። ትንሿ ግሬስ አያታቸውን ተከትለው ወደ ቅየሳ ሥራ ይሄዱ እንደነበር ይነገራል።

ከልጅነታቸው ታሪኮች ሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው የሰዓቶቹ ነው። በሰባት ዓመታቸው፣ ቤተሰቡ በጋውን በሚያሳልፍበት ቤት ውስጥ፣ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈቱት። መልሰው መግጠም አቃታቸው። የተፈታው እንዴት እንደነበረ ለማየት ሁለተኛውን ከፈቱ፤ ከዚያም ሦስተኛውን። እናታቸው ሲደርሱ በቤቱ የነበሩት ሰባቱም ሰዓቶች ተበታትነው ነበር። እናት ልጃቸውን ከመቅጣት ይልቅ ከዚያ ወዲያ የሚፈቱት አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። በዚህ የልጅነት ጥፋት ውስጥ ግሬስ ዕድሜ ልካቸውን የተጠቀሙበት ልማድ ይታያል፦ ያልገባቸውን ነገር ለመረዳት የሚሠራውን ነገር ከፍቶ ማየት።

አባታቸው በደም ሥር ሕመም ምክንያት እግሮቻቸውን ያጡ ሰው ነበሩ። ከወንዱ ልጃቸው ባልተናነሰ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸውም ተምረው ራሳቸውን እንዲችሉ ይፈልጉ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ከየአባቱ የሚጠበቅ አልነበረም።

ግሬስ ቫሳር ወደሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ለመግባት መጀመሪያ ሲያመለክቱ በላቲን ቋንቋ ፈተና ወደቁ። አንድ ዓመት ጠብቀው በ17 ዓመታቸው ገቡ፤ በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። በ1930 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት ቪንሰንት ሆፐር የተባሉትን መምህር አግብተው የባለቤታቸውን ስም ያዙ። ትዳሩ በኋላ ቢፈርስም ስሙ አብሯቸው ቀረ። በ1931 በተማሩበት ቫሳር ማስተማር ጀመሩ፤ በ1934 ከዬል የሒሳብ ዶክትሬት አገኙ።

በመምህርነታቸው ዘመን ሁለት ነገሮች ይታወቁላቸዋል። አንደኛው፣ የሒሳብ ተማሪዎቻቸውን ድርሰት ያስጽፉ ነበር። ተማሪዎቹ የመጡት ሒሳብ ሊማሩ እንጂ ድርሰት ሊጽፉ አለመሆኑን ሲያማርሩ፣ ለሌላ ሰው ማስረዳት የማይቻል ሒሳብ ምንም እንደማይጠቅም ያስረዷቸው ነበር። ሁለተኛው፣ እሳቸው ራሳቸው መምህር ሆነው ሳለ በሌሎች መምህራን ክፍል ገብተው ልክ እንደ ተማሪ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። መምህር መሆን ተማሪ ከመሆን አላወጣቸውም።

አምስት ቶን የሚመዝን ማሽን

በ1941 መጨረሻ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች። ግሬስ ሆፐር ወደ ባሕር ኃይሉ ለመግባት ፈለጉ፤ ቅድመ አያታቸው አድሚራል የነበሩ በመሆናቸው ባሕር ኃይሉ ለቤተሰቡ ቅርብ ነበር። መንገዱ ግን ቀና አልነበረም። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ክብደታቸው 48 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ በመሆኑ ከተወሰነው ልክ በታች ነበር፤ የሒሳብ መምህርነታቸውም ለሀገር አስፈላጊ ሥራ ተብሎ ስለተመዘገበ ከኮሌጁ መልቀቅ ቀላል አልነበረም። ልዩ ፈቃድ ጠይቀው በ1943 መጨረሻ ተቀባይነት አገኙ። ከልጆች እኩል ተሰልፈው የመኮንንነት ሥልጠናውን ወሰዱ፤ በ1944 አጋማሽም ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ጨረሱ።

የተመደቡት ግን መርከብ ላይ አልነበረም። ወደ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ማርክ አንድ ወደሚባለው የሒሳብ ማሽን ተላኩ። ማሽኑ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል የማይበልጥ፣ ርዝመቱ ግን 15 ሜትር ከግማሽ የሚደርስ፣ ወደ አምስት ቶን የሚመዝን ነበር። በውስጡ 800 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቷል። በአንድ ሴኮንድ ሦስት ጊዜ ይደምራል፤ አንድ ማባዛት ለመፈጸም ግን ስድስት ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። ዛሬ በየኪሱ ከምንይዘው ስልክ ጋር ሲነጻጸር ፍጥነቱ ኢምንት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን በዓለም ላይ እንደ እሱ ያለ ማሽን በጣት የሚቆጠር ነበር።

የቤተ ሙከራው አለቃ ሐዋርድ ኤይከን ኮስታራና ቁጡ ሰው ነበሩ። ሌተናንት ሆፐር በጁላይ 1944 በበሩ ሲገቡ የተቀበሏቸው በሰላምታ ሳይሆን የት ቆይተው ነው በሚል ተግሣጽ ነበር። ማሽኑን አሳዩአቸውና የአንድ ከባድ ስሌት ቁጥሮችን እስከ 23 የነጥብ ቤት ድረስ በማሽኑ አስልተው በሳምንት ውስጥ እንዲያቀርቡ አዘዟቸው። ሆፐር ማሽኑን አይተውት አያውቁም። እንዴት እንደሚታዘዝ የሚያስረዳ መጽሐፍም አልነበረም፤ ከዚያ በፊት የጻፈው ሰው የለምና። ወቅቱ የጦርነት ጊዜ በመሆኑ ስሌቱ የሚጠብቅ አልነበረም። ዶክትሬታቸው፣ የመምህርነት ማዕረጋቸው፣ ያሳተሙት ሁሉ በዚያች ሳምንት የሚያድናቸው አልሆነም።

በክፍሉ ውስጥ ማሽኑን የሚያውቁ ሁለት ወጣት መኮንኖች ነበሩ፤ ሮበርት ካምቤልና ሪቻርድ ብሎክ። ሁለቱ ወጣቶች ሽበት ያወጡ አንዲት አረጋዊት መምህርት እንደሚመጡ ሰምተው ከጎናቸው ላለመቀመጥ እርስ በእርስ ሲገፋፉ እንደነበር ሆፐር በኋላ ሰምተዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ንቀት ቆጥሮ ሊኮራ ወይም አለማወቁን ለመሸፈን ብቻውን ሊታገል ይችል ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸውን አስጠግተው ጠየቁ።

ወጣቶቹም ሳይሰስቱ አስተማሯቸው። ማርክ አንድ የሚታዘዘው በወረቀት ጥቅል ላይ በሚበሱ ቀዳዳዎች ነበር። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሦስት ክፍል አለው፦ ቁጥሩ ከየት ይነሣ፣ ወዴት ይሂድ፣ ምንስ ይደረግበት። አንዲት ቀዳዳ ቦታዋን ከሳተች መልሱ በሙሉ ይበላሻል። ብሎክ በተለይ በሙያው የተደነቀ ነበር፤ ፕሮግራም በእርሳስ ሳይሆን በቀለም ብዕር ጽፎ ሳይሰርዝ የሚሳካለት ሰው ከእሱ በቀር እንደማያውቁ ሆፐር ይመሰክሩለት ነበር። እሳቸውም የወጣቶቹን ሥራ እያዩ፣ የማሽኑን የሽቦ ንድፍ ከሥራ ሰዓት ውጪ እያጠኑ፣ ያልገባቸውን እየጠየቁ ቀስ በቀስ ባለሙያ ሆኑ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን የአበው ብሂል ባይሰሙትም ኖረውታል።

የተዋሱት ማስታወሻ ደብተር

በዚያ ክፍል የነበረ አንድ ልማድ ለሙያው ወደፊት ጉዞ ትልቅ ውጤት ነበረው። ፕሮግራመሮቹ እያንዳንዳቸው ማስታወሻ ደብተር ነበራቸው። ተፈትኖ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠ የትእዛዝ ቁራጭ ሲገኝ በደብተሩ ይገለብጡታል። አንዱ ያንን ዓይነት ስሌት ሲፈልግ ከሌላው ደብተር ተውሶ ወደ ራሱ ሥራ ያስገባል። ገበሬ በጎረቤቱ ማሳ ጥሩ ፍሬ ያፈራውን ዘር ተበድሮ እንደሚዘራ ማለት ነው። በሌላው ሰው ላብ የተፈተነ ሥራ ለጀማሪው የጊዜና የድካም ማዳኛ ሆነ።

ነገር ግን የተዋሰ ሁሉ አያተርፍም። ሆፐር አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰዎች ሲገለብጡ ይሳሳታሉ፤ ፊደል ከቁጥር ያምታታሉ፤ የማሽኑን የቁጥር ማስቀመጫ ቦታዎች ለአዲሱ ሥራ ለማስተካከል ሲደምሩም ይስታሉ። ዘሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ አዘራሩ ይበላሻል። ይህ ትዝብት ለጊዜው በአእምሯቸው ተቀምጦ ቆየ፤ ፍሬ ያፈራው ከዓመታት በኋላ ነው።

አለቃቸው ኤይከን ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ሰጧቸው፤ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ እንዲጽፉ። ሆፐር መጽሐፍ ጽፈው እንደማያውቁ ሲናገሩ፣ አሁን በባሕር ኃይል ውስጥ እንዳሉ ተነገራቸው፤ ይህም ትእዛዝ ነው ማለት ነበር። በየቀኑ የጻፉትን ለአለቃቸው እያነበቡ፣ እየታረሙ ቀጠሉ። በ1946 የታተመው ይህ ከ500 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ስለ ኮምፒውተር አሠራር በዓለም ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ መመሪያዎች አንዱ ነው። እሳቸው ሲመጡ ያጡትን መጽሐፍ ከኋላቸው ለሚመጡት ጻፉላቸው።

ስለ ሆፐር ሲነሣ የእሳት እራቷ ታሪክ ሳይነገር አይታለፍም። በ1947 ማርክ ሁለት የተባለው ተከታይ ማሽን ሥራ አቆመ፤ ሲፈተሽ አንዲት የእሳት እራት በውስጡ ገብታ ሞታ ተገኘች። ሠራተኞቹ ነፍሳቷን በማጣበቂያ ከመዝገቡ ላይ ለጥፈው የተፈጠረውን ጻፉ። መዝገቡ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ይገኛል። በእንግሊዝኛ የፕሮግራም ስሕተት በነፍሳት ስም መጠራት የጀመረው ከዚህ ነው እየተባለ ይወራል፤ ያገኙትም ሆፐር እንደሆኑ ይነገራል። እውነቱ ግን መሐንዲሶች ቃሉን ከዚያ በፊት ይጠቀሙበት ነበር፤ እራቷንም ያገኙት ሌሎች ሠራተኞች ናቸው። የሆፐር ድርሻ ታሪኩን ደጋግሞ መተረክ ነበር። ጀማሪ የሚማርበት ነገር ሌላ ነው፤ በዚያ ቤት ብልሽት አይደበቅም፣ በመዝገብ ይጻፋል። የትናንቱን ብልሽት ያላነበበ የዛሬው ሠራተኛ በዚያው ጉድጓድ መውደቁ አይቀርምና።

እንደገና ጀማሪ

በ1949 ሆፐር በሐርቫርድ የነበራቸው ውል አበቃ፤ በዚያ ለሴት ቋሚ የሥራ ቦታ አልነበረም። ወደ ፊላዴልፊያ ከተማ ሄደው ኤከርትና ሞክሊ የተባሉ መሐንዲሶች በመሠረቱት ኩባንያ ተቀጠሩ። ኩባንያው ዩኒቫክ የተባለውን፣ ለንግድና ለመንግሥት ሥራ የሚሸጥ ኮምፒውተር እየሠራ ነበር። ማርክ አንድን ጠንቅቀው የሚያውቁት ባለሙያ በአዲሱ ማሽን ፊት እንደገና ጀማሪ ሆኑ።

የጀማሪነታቸው ነገር አንዳንዴ ያስቃል። ከኩባንያው ማሽኖች አንዱ የሚሠራው እንደ እኛ በአሥር ሳይሆን በስምንት በሚቆጥር ሥርዓት ነበር። ሆፐር ይህን ቆጠራ እስኪዋሃዳቸው ድረስ ለመዱት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የባንክ ሒሳባቸው አልገጥም አላቸው። ባንክ ቤት የሚሠሩት ወንድማቸው ቢመረምሩት፣ የራሳቸውን ገንዘብ አንዳንዴ በስምንት ቆጠራ ሲቀንሱ መክረማቸው ታወቀ።

በዚህ ቤት ያገኟቸው አስተማሪ ቤቲ ሆልበርተን ነበሩ። ሆልበርተን በዕድሜ ከሆፐር በአሥር ዓመት ያህል ያንሳሉ፤ በልምድ ግን የሚናቁ አልነበሩም። ኤኒያክ የተባለውን ታላቅ የኤሌክትሮኒክስ ኮምፒውተር መጀመሪያ ፕሮግራም ካደረጉት ስድስት ሴቶች አንዷ ናቸው። የእነዚህ ሴቶች ሥራ ለብዙ ዓመታት ሳይነገርላቸው ቆይቷል። ሆልበርተን ለሆፐር የፕሮግራምን ጉዞ ኮድ ከመጻፍ በፊት በንድፍ መሣልን አስተማሯቸው፤ ሥራው ከየት ተነሥቶ በየትኛው መንታ መንገድ ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ላይ አስቀድሞ ማየትን። ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋይ ከመደርደሩ በፊት መሠረቱን በገመድ እንደሚለካው ማለት ነው።

ሆልበርተን ያሳዩአቸው ሌላው ነገር ከዚህም የላቀ ነበር። በ1951 መረጃን በቅደም ተከተል የሚደረድር ፕሮግራም የሚጽፍ ፕሮግራም ሠሩ። ሰው መረጃው ምን እንደሚመስል ብቻ ይነግረዋል፤ የመደርደሪያውን ትእዛዝ ማሽኑ ራሱ ያወጣል። ለሆፐር ይህ ዓይን የሚከፍት ነገር ሆነ። ማሽን ለራሱ ፕሮግራም መጻፍ ከቻለ፣ ያ በሐርቫርድ ሲያስተውሉት የነበረው የግልበጣ ስሕተት መድኃኒት አገኘ ማለት ነው። ሰዎች መገልበጥና መደመር ይሳሳታሉ፤ ኮምፒውተር ግን ሁለቱንም ያለ ስሕተት ይሠራል። እንግዲያው ከየደብተሩ የሚውሰውን ቁራጭ ሰብስቦ ራሱ ይግጠመው።

በ1952 ሆፐር ይህን የሚሠራውን ፕሮግራም ለሙያ ባልደረቦቻቸው በጉባኤ ላይ አቀረቡ። ኮምፓይለር ብለው ጠሩት። የተፈተኑት ቁራጮች በማሽኑ ማጠራቀሚያ ይቀመጣሉ፤ ፕሮግራመሩ በአጭር ስም ይጠራቸዋል፤ ኮምፓይለሩ አውጥቶ፣ ቦታቸውን አስተካክሎ፣ አንድ አድርጎ ይሰፋቸዋል። በሥራው መካከል ገና ወዳልተጻፈ ቦታ መዝለል ሲያስፈልግ የገጠማቸውን እንቆቅልሽ የፈቱት በተማሪነታቸው ይጫወቱት ከነበረው የቅርጫት ኳስ ነው። ተጫዋች ኳሷን ወደፊት ሮጦ ለሚያመች ጓደኛ እንደሚያቀብልና መልሶ እንደሚቀበል፣ ትእዛዙንም በመካከል ወዳለ ማረፊያ ልከው ቦታው ሲታወቅ ተቀብሎ እንዲያደርስ አደረጉት።

በዓመት ከመንፈቅ ልዩነት፣ በ1953 መጨረሻ፣ የተሻሻለው ኮምፓይለር ለደንበኞች ሲላክ ኮዱም አብሮ ተሰጠ። ደንበኞቹ ውስጡን አይተው ያሻሻሉትን መልሰው እንዲልኩም ተጠየቁ። ከብሎክና ከካምቤል ደብተር የተጀመረው መዋዋስ የአንድ ክፍል ልማድ መሆኑ ቀርቶ የሙያው ልማድ ወደመሆን ተሸጋገረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ።

ልምድ ሲሳሳት

ይህ ታሪክ ልምድ ያለው ሰው የተናገረው ሁሉ ይፈጸም የሚል ትምህርት ብቻ ቢሰጥ ግማሽ ይሆን ነበር። ሆፐርን ትልቅ ያደረጋቸው ሌላው ግማሽ ነው።

ኮምፓይለሩን ሲያቀርቡ ብዙ ባለሙያዎች አላመኗቸውም። ኮምፒውተር ቁጥር ያሰላል እንጂ ፕሮግራም አይጽፍም አሏቸው። እየሠራ ያለውን ነገር የሚነካ ሰው ለማግኘት ብዙ ደከሙ። ቀጥሎ ደግሞ የበለጠ ደፋር ሐሳብ አመጡ። ማሽንን ማዘዝ የሒሳብ ሊቆች ብቻ ሥራ ለምን ይሆናል? የንግድ ቤት ሠራተኛ፣ የደመወዝ ጸሐፊ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ በሚያውቁት ተራ ቃል ለምን አያዙትም? ለዚህም የተሰጣቸው መልስ ኮምፒውተር እንግሊዝኛ አያውቅም የሚል ነበር። ተማሪዎቻቸውን ድርሰት ያስጽፉ የነበሩት መምህር ግን ቃል ለሒሳብ ባዕድ አለመሆኑን ያውቁ ነበር። ለኮምፒውተር ፊደልም ቢሆን ምልክት ነው፤ ምልክትን ከምልክት ማዛመድ ደግሞ ሥራው ነው። ይህን ለማሳየት ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ጭምር አስኬደው ቢያቀርቡ፣ አለቆቻቸው ሐሳቡን ከመቀበል ይልቅ በአሜሪካ የተሠራ ማሽን እንዴት የባዕድ ቋንቋ ይናገራል ብለው ደነገጡ።

ዓመታት ፈጅቶ ፍሎማቲክ የተባለ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚታዘዝ ቋንቋ ለደንበኞች ደረሰ። በ1959 የኮምፒውተር አምራቾች፣ ተጠቃሚዎችና የመንግሥት ተወካዮች ተሰብስበው በማንኛውም ኩባንያ ማሽን ላይ የሚሠራ አንድ የጋራ የንግድ ቋንቋ እንዲወጣ ተስማሙ። ኮቦል የተባለውን ይህን ቋንቋ በዝርዝር የጻፉት የኮሚቴ አባላት ናቸው፤ ሆፐር አማካሪ ነበሩ፤ ፍሎማቲክም ዋና መሠረት ሆኖ አገልግሏል። በ1960 ማብቂያ አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ኮምፒውተሮች ላይ ተሞክሮ ሠራ። ቋንቋው ከ60 ዓመታት በኋላም በብዙ የዓለም ባንኮችና የመንግሥት ቢሮዎች እየሠራ ነው።

እዚህ ላይ ለጀማሪ የሚሆን ስውር መለያ አለ። ሆፐር ብሎክ ወይም ሆልበርተን ሥራቸውን ዘርግተው ሲያሳዩአቸው ዝቅ ብለው ተቀብለዋል። ሌሎች ባለሙያዎች ምንም ሳያሳዩ አይሆንም ብቻ ሲሏቸው ግን ሠርተው አሳይተዋል። ልምድ ያለው ሰው የሄደበትን መንገድ ሲናገር እውቀቱን ይሰጣል፤ ስላልሄደበት መንገድ ሲናገር ግን እንደ ማንም ሰው ግምቱን ነው የሚሰጠው። ሁልጊዜ የምንሠራው እንዲህ ነው የሚለው አነጋገር ሆፐር ከሁሉም በላይ የሚጠሉት ነበር። ይህን ለማስታወስ በቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው ነበር። ያም ሰዓት ጊዜን በትክክል ይቆጥራል፤ የሚያየው ሰው ብቻ ነው መልመድ ያለበት።

ሽማግሌ ሆነው ያስተማሩት

በ1966 መጨረሻ ባሕር ኃይሉ በዕድሜ ምክንያት አሰናበታቸው። ሆፐር ያንን ቀን በሕይወታቸው ካዩት ሁሉ እጅግ ያሳዘናቸው አድርገው ይቆጥሩታል። ወራት ሳይቆዩ ግን በ1967 ለስድስት ወር ብቻ ተብለው ተጠሩ፤ ባሕር ኃይሉ በየቦታው የተለያየውን የኮቦል አጠቃቀሙን አንድ ወጥ የሚያደርግለት ሰው አጥቶ ነበር። ስድስቱ ወር ወደ 19 ዓመት ተለወጠ። በ1983 ኮሞዶር፣ በ1985 ሪር አድሚራል ሆኑ። በ1986 በ79 ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ በአሜሪካ ባሕር ኃይል በሥራ ላይ ካሉት መኮንኖች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ነበሩ።

በእነዚህ ዓመታት ከማዕረጉ ይልቅ የሚታወቁት በማስተማራቸው ነው። በየኮሌጁና በየጦር ክፍሉ እየዞሩ ወጣቶችን ያነጋግሩ ነበር። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ቁርጥራጭ ሽቦዎች ይዘው ይሄዱና ለአድማጮች ያድላሉ። ሽቦው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ጊዜ ውስጥ ሊሄድ የሚችለው ከፍተኛው ርቀት ነው። ከዚያም 300 ሜትር ያህል የተጠቀለለ ሽቦ ያነሣሉ፤ የሴኮንድ ሚሊዮንኛ መሆኑ ነው። ፕሮግራመር በሚጽፈው ኮድ ውስጥ የሚያባክናት እያንዳንዷ ቅጽበት ይህን ያህል ሽቦ እንደምታህል በዓይን ያሳያሉ። በጆሮ የተሰማው ቢረሳ በእጅ የተያዘው አይረሳም። ልምድ ያለው ሰው ለጀማሪ ማስተማር ያለበት እንዲህ ነው፤ ረቂቁን ነገር የሚጨበጥ አድርጎ።

በ1969 የአሜሪካ የመረጃ አያያዝ ባለሙያዎች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ሰው የሚለውን አዲስ ሽልማቱን ሲጀምር የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሆፐር ነበሩ። የሽልማቱ ስም ግን በእንግሊዝኛ የዓመቱ ወንድ የሚል ነበር፤ ሴት ታሸንፋለች ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ1991 የሀገሪቱን የቴክኖሎጂ ሜዳልያ ተቀበሉ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው አረፉ፤ አርሊንግተን በሚባለው የጀግኖች መካነ መቃብርም በወታደራዊ ሥርዓት ተቀበሩ። አንድ የባሕር ኃይል የጦር መርከብ በስማቸው ተጠርቷል፤ በ2016ም ከሞቱ በኋላ የሀገሪቱ ከፍተኛ የሲቪል ኒሻን ተሰጥቷቸዋል።

ከኮምፓይለሩና ከኮቦል ይልቅ በሕይወታቸው የሚኮሩበት ሥራ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ያሠለጠኗቸውን ወጣቶች ያነሡ ነበር። ወጣቶች ወደ እሳቸው መጥተው አንድ ነገር ይሠራል ወይ ብለው ሲጠይቁ ሞክሩት ይሏቸው ነበር፤ ከሞከሩ በኋላም ከኋላቸው ቆመው ያግዟቸው ነበር።

ለዛሬው ጀማሪ

አንድ ወጣት ዛሬ የመተግበሪያ ሥራ ሲጀምር እንደ ሆፐር ያለ መጽሐፍ ወደሌለበት ቤት አይገባም። ትምህርቱ በዝቷል፣ የተዘጋጀ ኮድ ሞልቷል። ችግሩ ተገልብጧል፤ ያልገባውን ኮድ ገልብጦ ሥራው ሲቆም ለምን እንደቆመ አለማወቅ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ብሂል የሚመጣው እዚህ ነው።

ከሆፐር ሕይወት ወደ ሥራ የሚወርዱ ጥቂት ነገሮች አሉ። ወደ ባለሙያ ከመሄድ በፊት የተሞከረውን ነገር፣ የቆመበትን ቦታ በደብተር ጽፎ መሄድ፤ ባዶ እጁን የመጣ ጠያቂ ባዶ እጁን ይመለሳልና። የባለሙያውን መልስ ብቻ ሳይሆን የሠራውን ሥራ እንዲያሳይ መለመን፤ ሰባቱ ሰዓቶች ያስተማሩት ይህን ነው። የተዋሱትን ኮድ መስመር በመስመር ተረድቶ ማስገባት። ከኮድ በፊት ንድፍ መሣል። የተማሩትን ለሌላ ሰው እንዲገባ አድርጎ መጻፍ። አስተማሪው በዕድሜ ቢያንስ፣ ሴት ብትሆን ወይም ዲግሪ ባይኖረው አለማፈር። በየወረዳው ሞዴል አርሶ አደር ማሳ ላይ የሚሰበሰቡ ገበሬዎች ይህን ጥበብ ያውቁታል፤ የሚያዩት የሰውየውን ፀጉር ሳይሆን ሰብሉን ነው።

ሆፐር ዝናቸው በዓለም ከናኘ በኋላም አንድ ነገር አልተዉም። ስለ ኮምፓይለር ሲጠየቁ ሐሳቡን ያገኙት ከቤቲ ሆልበርተን ሥራ መሆኑን ይናገሩ ነበር፤ ስለ ማርክ አንድ ሲያወሩም ብሎክንና ካምቤልን በስም ያነሡ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ስም ለብዙ ዘመን ከተራው አንባቢ ዘንድ ባይደርስም ከእሳቸው አፍ አልጠፋም። ለጀማሪ ያስተማሩትን ሰዎች ስም አለመርሳት ለባለሙያው የሚከፍለው ትንሹ ዋጋ ነው፤ ትልቁ ደግሞ ነገ በተራው ወንበሩን አስጠግቶ ለሚጠይቀው ደብተሩን መክፈት ነው።